ሦስት ጊዜ ያጠብኩት ስላይድ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቀስኩ። ከደስታ ወይም ከናፍቆት አይደለም፤ ከፎርማሊን ነው። ፎርማሊን ከሰው አካል ተቆርጦ የወጣ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ ነው፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እኔ ደግሞ የታላቅ ወንድሜን የሠርግ ሱፍ ተውሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ፓቶሎጂ ክፍል በር ላይ እንባዬን እያፈሰስኩ ቆሜያለሁ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ኃይሌ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «አይዞህ፣ ሁሉም ያለቅሳል። በሦስተኛው ሳምንት አፍንጫህ ይለምደዋል። ሱፉን ግን ለባለቤቱ መልስ» አሉኝ። የተውሶ መሆኑን በምን እንዳወቁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የላብራቶሪ ቴክኒሻን ስባል ደም የምቀዳ መስሎኝ ነበር። የተሰጠኝ ማይክሮቶም ነው። ማይክሮቶም ሰም ውስጥ የተቀበረን ሥጋ ከጸጉር አቅጥኖ የሚልጥ ማሽን ነው። ልጣጩ ሞቅ ያለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በስላይድ፣ ማለትም በጠባብ መስታወት፣ ቀስ ተብሎ ይያዛል፤ ከዚያ ቀለም ይጠጣና ለሐኪሙ ይቀርባል። አቶ ኃይሌ ስላይዱን ወደ መስኮት ከፍ አድርገው ያዩና አንዲት ጉድፍ ካገኙ ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል። «ድገም» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ «ድገም» ሲሉኝ ከረሙ። በሦስተኛው ዓመት ዝም አሉ፤ እኔም ዝምታቸውን እንደ ኒሻን ቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ ከስላይድ ላይ ትርፍ ቀለም ማጠብ ሆነ ሥራዬ። ሌላው ሁለት ጊዜ የሚያጥበውን እኔ አምስት ጊዜ አጥባለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ባልደረቦቼ «አጥማቂው» እያሉ እንደሚጠሩኝ የሰማሁት ጡረታ ልወጣ ስል ነው። የሸኙኝ ዕለት አንዱን በስህተት አፉ አመለጠው። ቤትም ያው ነኝ። ባለቤቴ ውሃ ስታቀርብልኝ ብርጭቆውን ወደ መብራት ከፍ አድርጌ ስለማየው፣ «እኔን ነው ወይስ ብርጭቆውን የምትመረምረው?» ትለኛለች።

ጡረታ ወጥቼ ስድስት ወር ቤት ተቀመጥኩ። በሰባተኛው ወር ባለቤቴ ራሷ ሥራ አፈላልጋ አገኘችልኝ። እንዲህ ነው የተወደድኩት።

ሥራው ልደታ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የግል ላብራቶሪ። ከሥራችን ጠበቆች፣ ከበላያችን ማመልከቻ ጸሐፊዎች ናቸው። ነጭ ጋዋን ለብሼ ደረጃ ላይ ስታይ ቢያንስ በቀን አንድ ሰው ወረቀት ዘርግቶ «አባቴ፣ ይቺን ይፈርሙልኝ» ይለኛል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ልደታ ማርያም ትነግሣለች፤ ታክሲ የሚባል ነገር ስለማይገኝ ከሜክሲኮ በእግሬ እመጣለሁ። ደስ የሚል ሰፈር ነው፤ ሰው ሁሉ በጉዳይ ይቸኩላል፣ ማንም ስለ እኔ ስላይድ ግድ የለውም።

የላብራቶሪው ባለቤትና ሐኪም ዶክተር አልማዝ ናት። በዕድሜ ታናሼ ብትሆንም አለቃዬ ስለሆነች አንቱ እላታለሁ፤ እሷም በዕድሜዬ ምክንያት አንቱ ትለኛለች፤ ተከባብረን ነው የምንኖረው። ሌላዋ ባልደረባችን ሩት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የመጣች፣ ጥያቄ የማያልቅባት ቴክኖሎጂስት።

አንድ ቀን ዶክተር አልማዝ በጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃን የሚሰጡ ቀለሞችን የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ አስመጣች። የሕፃናትን የነርቭ ዕጢ ዘረመል ልንቆጥር ነው።

ነገሩን እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳ። ኒውሮብላስቶማ የሚባል የትንንሽ ልጆች ካንሰር አለ፤ ብዙ ጊዜ ከኩላሊት በላይ ይነሳል። እዚያ ዕጢ ውስጥ ሚክ-ኤን የሚባል ዘረመል አለ። ጤነኛ ሴል ሁለት ቅጂ ነው ያለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። በአንዳንድ ልጆች ዕጢ ውስጥ ግን ይህ ዘረመል እየተባዛ በአሥሮች የሚቆጠር ቅጂ ይሆናል። ቅጂው ሲበዛ ከእሱ የሚሠራው ፕሮቲን ይበዛል፤ ፕሮቲኑ ሲበዛ ሴሉ ተከፋፈል ተከፋፈል ይባላል፣ አቁም የሚለው የለም። በአንዳንድ የሕፃናት የአንጎልና የዓይን ካንሰሮችም ይኸው ዘረመል ተባዝቶ ይገኛል።

የእኛ ሥራ ዘረመሉ ላይ የሚለጠፍ ቀይ፣ ዘረመሉ የተቀመጠበት ክሮሞሶም ላይ ደግሞ የሚለጠፍ አረንጓዴ አብሪ ቀለም ስላይዱ ላይ ማፍሰስ ነው። በማግስቱ ትርፉን አጥበን እንቆጥራለን። ሁለት ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ ከሆነ አልተባዛም። አረንጓዴው ሁለት ሆኖ ቀዩ እጅግ ከበዛ ተባዝቷል። በቃ፣ ቆጠራ ነው።

ሥልጠና ሦስት ቀን ወሰድኩ። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ጥሬ ሥጋ በላሁ። ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ በጨለማ አዳራሽ ፎቶ ሲያሳይ፣ ራሴን ደረቴ ላይ ጥዬ እንቅልፌን ለጠጥኩት። የተባዛ ዘረመል ምን እንደሚመስል የታየው ያን ከሰዓት ነው። ሰርተፊኬቱን ግን ከሁሉም በፊት ተሯሩጬ ተቀበልኩ፤ አሁንም ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ብርሃኑ የመጣው ይህን ምርመራ በጀመርን በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ወጣት ነው፤ ጣቶቹ በብየዳ የተለበለቡ። ሐኪሞች ከሴት ልጁ ሆድ የቆረጧትን ናሙና በዕቃ አድርገው ሰጥተውት፣ እሱ በልጅቷ ፎጣ ጠቅልሎ አቅፎ አመጣት።

«እንዳይበርዳት ብዬ ነው፣ ዶክተር» አለኝ።

ዶክተር አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ጣፈጠኝ።

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሶልያና? ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። መራመድ ጀምራ ነበር፣ ሆዷ ሲያብጥ ተወችው።»

«ሐኪሟ ምን አሉህ?»

«ያ ዘረመል ያሉት ካልተባዛ ዕጢው በኦፕራሲዮን ይወጣና ክትትል ብቻ ነው አሉኝ። ከተባዛ ግን ከባዱ መድኃኒት ሳይውል ሳያድር መጀመር አለበት። ካልተጀመረ ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ አንደርስበትም አሉ። እዚህ የሚወጣውን ውጤት ነው የሚጠብቁት።»

ከእኛ ቆጠራ ላይ የተንጠለጠለው ይህ ነው። እኔም «ጥሩ ቦታ ነው የመጣኸው» አልኩት፤ ዶክተር ነኛ።

ናሙናውን ሰም አስገባሁ፣ ላጥኩ፣ ስላይድ ላይ አወጣሁ። ዶክተር አልማዝ ዕጢው ያለበትን ቦታ አይታ በእስክሪብቶ ከበበችው፤ የምንቆጥረው በዚያ ክብ ውስጥ ብቻ ነው። ቀለሙን አፍስሼ፣ በማግስቱ ጠዋት አጥቤ ጨለማ ክፍል ገባሁ።

ክቡ ውስጥ ያየሁት ነገር አናደደኝ። እንዲታዩ ሰማያዊ የተቀለሙት ሴሎች ላይ በርበሬ የተበተነባቸው ይመስላል፤ ቀይ በቀይ ሆነዋል። ነጥብ ከነጥብ አይለይም። ሠላሳ ዓመት ቆሻሻ ሳባርር የኖርኩ ሰው፣ ይሄ ከእኔ እጅ ወጣ ብሎ ማን ያምናል? ቀለሙ ሳይሟሟ ተጣብቋል አልኩና መሸፈኛውን አንስቼ እንደገና አጠብኩት። ያው ነው። የማጠቢያውን ሙቀት ጨምሬ ሦስተኛ ጊዜ አጠብኩት። ሰማያዊው ደበዘዘ፣ ቀዩ ግን ንቅንቅ አላለም። ከእሱ ጋር በአንድ ዕቃ የታጠበው የጤነኛ ሰው ስላይድ፣ ለማመሳከሪያ ሁሌ አብረን የምንሠራው፣ ጥርት ብሎ ወጥቶ ነበር። ይህን አየሁና፣ «አያችሁ፣ እኔ ሳጥብ እንዲህ ነው» ብዬ ለብቻዬ ተኩራራሁ። የአንዱ መጥራት ስለ ሌላው ምን እንደሚል ማሰብ አላማረኝም።

ከዚያ ስላይዱን ወደ ጠርዝ ሳንቀሳቅስ ንጹሕ ቦታ አገኘሁ። ሁለት ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የዶክተር አልማዝን ክብ በአልኮል ጠረግኩና እዚያ ንጹሑ ቦታ ላይ አዲስ ክብ ሠራሁ። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባላል፤ እኔ ተረቱን በሰው ሴል ላይ አዋልኩት። ንጹሕ ያልኳቸው ዕጢው ዳር ያሉ ጤነኛ ሴሎች ነበሩ።

የእኛ ደንብ ሁለት ሰው ለየብቻው እንዲቆጥር፣ አንዱ የሌላውን እንዳያይ ነው። ሩት ቆጠረች፤ ሁለት በሁለት አገኘች። ምን ታድርግ፣ የቆጠረችው እኔ በከበብኩላት ቦታ ነው። ደንቡ ተጠብቋል፣ ወረቀቱ ተሞልቷል፣ ሁለት ፊርማ አለ።

ሩት በዚያው ቀን ከዚያው ናሙና በተላጠ ሌላ ስላይድ ላይ የፕሮቲኑን ቀለም ሠርታ ነበር። ፕሮቲኑ ባለበት ቡናማ ይሆናል። የሷ ስላይድ ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ጋሽ ተክሉ፣ ፕሮቲኑ ይሄን ያህል በዝቶ ዘረመሉ ሁለት ብቻ ይሆናል?» አለችኝ።

«ይሆናል እንጂ። ሳይባዛም ፕሮቲኑ የሚበዛበት ጊዜ አለ» አልኳት። ይህ እውነት ነው፣ ሥልጠናው ላይ ነቅቼ በነበርኩበት በመጀመሪያው ቀን ተነግሮኛል። «ደግሞ አንቺ ቀለሙን አብዝተሽዋል። ትርፉን በደንብ አላጠብሽም።»

ሩት ቀላች። «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እኔ ያን ጊዜ እያንኮራፋሁ ነበር።

ዶክተር አልማዝ የሁለት ሰው ቆጠራ አይታ ፈረመች፦ አልተባዛም። ማክሰኞ ብርሃኑ ወረቀቱን ሊወስድ መጣ። ውጤት መናገር የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪሟ ናት የምትነግረው። ግን ፊቱን ሳየው አላስቻለኝም፤ «ደህና ነው» እንደማለት ራሴን ነቀነቅኩለት። ወንበር ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ተነሥቶ ሊወጣ ሲል የላብራቶሪያችን የብረት በር እንደልማዱ ጮኸ።

«ይሄን በር ቅዳሜ መጥቼ አስተካክልላችኋለሁ» አለ። «ሌላ ምን አለኝ?»

አልከለከልኩትም። እንዲያውም ማጠፊያው የት ጋ እንደሚይዝ አሳየሁት።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንሠራለን። ብርሃኑ መሣሪያውን ይዞ በጠዋት መጣ፣ በሩን ነቅሎ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አስደገፈና ማጠፊያውን ይቆርጥ ጀመር። እኔ ሻይ ይዤ አጠገቡ ቆሜ እንዴት ቢይዘው እንደሚሻል እመክረዋለሁ። ስለ ብየዳ የማውቀው ነገር የለም። ይህ ግን አፌን አስይዞኝ አያውቅም።

«ጋሼ፣ አንዴ ይምጡ» አለች ሩት ከጨለማ ክፍሉ።

ገባሁ። ስድቤን በቁም ነገር ወስዳ የፕሮቲኑን ስላይድ ሁለት ጊዜ ደግማው ኖሯል፤ እኔ የማጥበውን ያህል አጥባ። ሁለቱም ጊዜ ጠቁሮ ወጣ። ያኔ እኔ ያጠብኩትን የሶልያናን ስላይድ ከሳጥኑ አወጣችው።

«ከክቡ ውጭ ያለውን አይተውታል?»

«አይቻለሁ። ቆሻሻ ነው።»

«ቆሻሻ ከሆነ ለምን ሴሎቹ ውስጥ ብቻ ሆነ? በሴሎቹ መካከል አንድም የለም። አረንጓዴውስ ለምን አልቆሸሸም?»

ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ አረንጓዴው ሁለት ነው፤ ጥርት ያለ ሁለት። ቀዩ ግን መቁጠር እስኪያቅት ሞልቶታል፣ ከሴሉ ዳር ደግሞ አንዲት አልወጣችም። ክው አልኩ። ሦስት ጊዜ ላጥበው የታገልኩት የልጅቷን በሽታ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አይነት ሰው ነኝና አፌ ብቻውን «ምናልባት የፈሳሹ ጥራት…» ብሎ ጀመረ። ሩት ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ከውጭ የብርሃኑ መቁረጫ ሲጮህ ይሰማኛል።

ተነሥቼ ዶክተር አልማዝ ቢሮ ገባሁ። ስላይዱን ሰጠኋት፤ ወስዳ አየችው። ስትመለስ ቀስ ብላ ነው የጠየቀችኝ።

«ይሄን ክብ የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የከበብኩትስ?»

«በአልኮል ጠረግኩት። የቆሸሸ መስሎኝ ነው።»

ብትጮህብኝ በተሻለኝ ነበር። ስልኳን አንሥታ ለልጅቷ ሐኪም ደወለች። ዘረመሉ ተባዝቷል፣ የላክነው ውጤት ስህተት ነው፣ የተስተካከለውን ዛሬውኑ እንልካለን አለች። ኦፕራሲዮኑ ለሰኞ ተይዞ ነበር። ሐኪሟ ሰረዘችው፤ ሰኞ መድኃኒቱ ይጀመራል ተባለ። ከዚያ ዶክተር አልማዝ፣ «አባትየውን እኔ ላናግረው» አለች።

«የለም፣ ራሴን የነቀነቅኩለት እኔ ነኝ» አልኳት። አብረን ወጣን።

ብርሃኑ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ፈገግ አለልን። «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም» አልኩት። «ቴክኒሻን ነኝ። የሶልያናን ስላይድ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ። ዘረመሉ ተባዝቷል። አይቼው ቆሻሻ ነው ብዬ አለፍኩት።»

ያልሰማኝ መሰለኝ። መቁረጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀ።

«ለእናቷ ነግሬያታለሁ እኮ» አለ። «ማክሰኞ። ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ስንት ቀን አጠፋን?»

«አራት» አልኩ።

ወደ ዶክተር አልማዝ ዞረ። «አራት ቀን ለሷ ብዙ ነው?»

«ሰኞ ይጀመራል። ዛሬ ባይታወቅ ነበር የምንፈራው» አለችው። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል። ሳይሰናበተን፣ መሣሪያውን እንደተዘረጋ ትቶ ደረጃውን ወረደ።

በሩ ተነቅሎ ቀረ። ላብራቶሪ ያለ በር አያድርም፤ ሌሊቱን የሕንጻው ዘበኛ ያዘልን፣ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ቀኑን ሙሉ ግን እኔ ወንበር አምጥቼ በሩ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ እሑድ ምሳ ይዛልኝ መጣች። «ተባረርክ እንዴ?» አለችኝ። «አልተባረርኩም፣ በር ሆኛለሁ» አልኳት። ታሪኩን ስነግራት ምሳ ዕቃውን ሳትከፍተው አጠገቤ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ስትቀልድብኝ የኖረች ሴት ያን ቀን አልቀለደችም፤ ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ሰኞ ዶክተር አልማዝ ታሰናብተኛለች ብዬ ዕቃዬን በፌስታል ሰብስቤ ጠበቅኳት። አላሰናበተችኝም። ያለፉትን ወራት ቆጠራዎች በሙሉ ከሩት ጋር እንደገና እንድናይ አዘዘች፤ ክቡን ግን እንዳልነካ። ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ሌላ ስህተት አላገኘንም። ሩትን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ኧረ ጋሼ ይተዉት» አለች፣ ግን ደስ ብሏታል። ሊላትም ይገባል።

ሶልያና ከዓመት በላይ ታከመች። ጸጉሯ ረገፈ፣ ኦፕራሲዮን ሆነች፣ ደግሞ መድኃኒት፣ ደግሞ ጨረር። ይህን የምሰማው ከሐኪሟ በዶክተር አልማዝ በኩል ነው፤ ብርሃኑን ልጠይቀው ፊት አልነበረኝም። ባለፈው ዓመት ደረጃው ላይ ተገናኘን። ለመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ወደ ላይ፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጋ መጥቶ፣ የልጅቷን እጅ ይዟል። አራት ዓመት ሆኗታል። ሰላም ስላት ዝም አለችኝ።

«ጮክ ብለው ነው» አለኝ ብርሃኑ። «መድኃኒቱ ጆሮዋን ጎድቶታል። ግን አለች።»

ጮክ ብዬ ሰላም አልኳት። ደረጃው ላይ ያሉ ባለጉዳዮች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሳቀች። ክትትሏ ገና አላለቀም፤ አራቱ ቀናት ምን እንዳስከፈሏት ሐኪሟን አስጠይቄያለሁ፣ ማወቅ አይቻልም አለች።

አሁን ሥራዬን ልተው ነው፤ ዓይኔም ደክሟል። በእኔ ቦታ ለምትገቡ የምለው አንድ ነገር ነው። ስላይድ ላይ ያልገባችሁ ነገር ካያችሁ አትጠቡት፤ ሌላ ሰው ጠርታችሁ አሳዩ። እኔ ያን ጊዜ ማንንም አልጠራሁም፤ ሩት ናት ሳትጠራ የመጣችው።